ግድግዳው መስተዋት፣ ግድግዳው ተራራ

(የመግቢያ ዜማ፤ ለጥቂት ጊዜ ከተሰማ በኋላ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል።)

አቅራቢ፦ ይህ ሳምንታዊው የትምህርት ዝግጅታችን ነው።

የዛሬው ነገራችን የሚነሣው ከአንድ ሕፃን ጥያቄ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ በዚሁ በሐዋሳ፣ በአሞራ ገደል፣ ጀልባዎቹ ሌሊቱን የያዙትን ዓሣ በሚያራግፉበት፣ ጎረምሶች በስለታም ቢላዋ ቅርፊቱን እየገፈፉ ሥጋውን ከአጥንቱ በሚለዩበት፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም አንገቱን በትከሻው መካከል ቀብሮ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ቆሞ ትርፍራፊውን በሚጠባበቅበት ስፍራ ሳለሁ፣ የአባቱን እጅ የያዘ አንድ ልጅ በመሬት ላይ የተደረደረውን ዓሣ አተኩሮ አየና፣ «አባባ፣ በሕይወት ሳሉ ምን ያደርጋሉ?» ሲል ጠየቀ። አባትየውም ፈገግ ብሎ፣ «ይዋኛሉ» አለው። ልጁ ግን በዚህ አልረካም፤ «ከዋኙ በኋላስ?» አለ።

ከዋኙ በኋላስ? አድማጮቼ፣ እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። በሐይቅ ዳር ተወልደን ያደግን፣ ዓሣውን በዱለት፣ በጥብስና በለብለብ፣ ከዳጣም ጋር በጥሬው ጭምር የምናውቀው ሰዎች፣ ከእነዚህ ፍጡራን መካከል አንዱን እንኳ በሕይወት ሳለ፣ በገዛ ቤቱ ሲበላ፣ ልጆቹን ሲያሳድግ፣ ከጠላቱ ሲሸሽ አይተን እናውቃለንን? አብዛኞቻችን ዓሣን የምናውቀው ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ ግን በሕይወት ሳለ የሚታይበትን ቤት በሐሳብ እንጎበኛለን፤ ከዚያም ወደ ራሳችን ሐይቅ እንመለሳለን።

(የውሃ ድምፅ፤ አጭር ዕረፍት።)

ይህ ቤት በፈረንጆቹ አጠራር አኳሪየም ይባላል፤ እኛም የዓሣ ማሳያ ቤት ልንለው እንችላለን። «አኳ» በላቲን ቋንቋ ውሃ ማለት ነው። ለሕዝብ የተከፈተው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቤት በ1853 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ፣ በአራዊት ማኖሪያው ግቢ ውስጥ የተሠራው ሲሆን፣ ይህም ማለት በእኛ አገር ደጃዝማች ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በማግስቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳትሞ፣ አኳሪየም የሚለውን ስም በሰው ሁሉ አፍ እንዲለመድ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ጥበቡ እጅግ ተስፋፍቷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራም ሆነ ለመሸጋገሪያ በሚደርሱባት በዱባይ፣ በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ገንዳ አለ፤ የሚይዘው ውሃ 10 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካይቱ አትላንታ ከተማ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አኳሪየም፣ በዓለም ከሚገኙት ዓሦች ሁሉ በግዙፍነቱ የሚበልጠውን፣ የዓሣ አንበሪን ያህል ገላ ይዞ ሳለ ምግቡ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት የሆኑለትን ሻርክ ያሳያል።

(አጭር ዜማ።)

እንግዲህ በሐሳብ እንግባ። ከውጭ ካለው ብርሃን ተነሥታችሁ፣ እንደ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጠኛ ክፍል ወደ ደበዘዘ አዳራሽ ትገባላችሁ። ጨለማው በከንቱ የተደረገ አይደለም፤ የቆማችሁበት ስፍራ ሲጨልምና ውሃው ሲበራ፣ መስተዋቱ የእናንተን ፊት መልሶ ማሳየቱን ይተዋልና ነው። ከፊታችሁ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የጠራ ግድግዳ ይቆማል፤ ከበስተኋላው ሻርኩ በዝግታ ያልፋል፤ ጠፍጣፋው የባሕር ፍጡር እንደ ትልቅ አሞራ ሁለት ክንፉን እያርገበገበ ከራሳችሁ በላይ ያንዣብባል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ዓሦችም አንድ ነፍስ ያላቸው ይመስል በአንድነት ይዞራሉ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያ ግድግዳ ያን ሁሉ ውሃ እንዴት ቻለው? ውሃ ከባድ ነገር እንደ ሆነ ከምንጭ እንስራ ተሸክማ የወጣች እናት ሁሉ ታውቃለች። ስምንት ሜትር ጥልቀት ባለው ገንዳ ግርጌ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሸከመው ስምንት ቶን ያህል ነው፤ ይኸውም አንድ ሙሉ የጭነት መኪና የሚይዘውን ጤፍ በአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ እንደ መቆለል ነው። ስለዚህ ተራ መስተዋት አይበቃውም፤ አክሪሊክ ከሚባል የጠራ የፕላስቲክ ዓይነት፣ ንብርብሩ ተጋጥሞ፣ ከግንብ በሚበልጥ ውፍረት ይሠራል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። በመስተዋቱ በኩል የምታዩት ዓሣ በእውነት ካለበት ስፍራ ይልቅ ቀርቦ ይታያችኋል፤ አራት ሜትር የራቀው ሦስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ መንገዱን ስለሚያጥፍ ነው። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የወደቀች ሳንቲም እጃችሁን ብትሰዱላት ካሰባችሁት ጠልቃ የምትገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጎብኚም ሥርዓት አለው። መስተዋቱን መደብደብ አይገባም፤ ድምፅ በአየር ከሚጓዝበት ይልቅ በውሃ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናልና፣ ለእኛ ቀላል ማንኳኳት የሆነው በውስጥ ላሉት ነጎድጓድ ሊሆን ይችላል። የስልክን የብልጭታ መብራት በዓይናቸው ላይ ማብራትም ነውር ነው። ከሁሉም በላይ ግን መቸኮል አይገባም። ትልቁን ሻርክ አይቶ የሚሮጥ ሰው፣ በማዕዘኑ ባለች ትንሽ ገንዳ ውስጥ፣ በጅራቷ ሣር ጨብጣ የቆመችውን የባሕር ፈረስ ሳያይ ያልፋል። የባሕር ፈረስ እንቁላሏን ለወንዱ አሳልፋ ትሰጣለች፤ ወንዱም በሆዱ ባለው ከረጢት ተሸክሞ ልጆቹን ይወልዳል። አባት የሚያምጥበት ቤት! ሦስት ልብና ሰማያዊ ደም ያለው፣ ስምንት ክንድ ያለው ኦክቶፐስም ከድንጋይ ጋር ተመሳስሎ ሊደበቃችሁ ይችላል። ድንጋይ ወይም አበባ የሚመስለው ኮራል ደግሞ እጅግ የብዙ ትናንሽ እንስሳት ማኅበር ነው።

(የውሃ ፓምፕ ድምፅ ከሩቅ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል።)

አድማጮቼ፣ እስካሁን ያየነው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። በምድር ላይ ካሉት ማሳያዎች ሁሉ ይህ ልዩ የሚሆነው፣ ከግድግዳው በስተጀርባ ሌሊትና ቀን የማይተኛ ሥራ ስላለው ነው። ይህን ሥራ በአራት ቃላት ልንይዘው እንችላለን፤ ተማሪዎች፣ እርሳስ አንሡ። ማስተንፈስ፤ ማጥራት፤ መመገብ፤ መጠበቅ። ደግሜ እላለሁ፤ ማስተንፈስ፣ ማጥራት፣ መመገብ፣ መጠበቅ።

አንደኛው ማስተንፈስ ነው። ዓሣ እንደኛ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘውም በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ካለው ነው። ስለዚህ ትልልቅ ፓምፖች ውሃውን እያንቀሳቀሱና ከአየር ጋር እያገናኙ እስትንፋስ ይሰጡታል።

ሁለተኛው ማጥራት ነው። ዓሣ የሚበላበት ስፍራ መጸዳጃውም ነው፤ ከገላው የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ነገር ሲጠራቀም ራሱን ይመርዘዋል። ውሃው በአሸዋ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግና ጉድፉ ይቀራል፤ ነገር ግን የማጥራቱን ዋና ሥራ የሚሠሩት በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ የተጣበቁ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ መርዙን ደረጃ በደረጃ ጉዳቱ ወዳነሰ ነገር ይለውጡታል። ስለዚህ አዲስ ገንዳ ተሠርቶ ውሃ እንደ ተሞላ ዓሣ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይገባበትም፤ እነዚያ የማይታዩ አገልጋዮች እስኪበዙ ድረስ በትዕግሥት ይጠበቃል።

ሦስተኛው መመገብ ነው፤ ለአንዱ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ለአንዱ የባሕር ሣር፣ ለአንዱ ሥጋ፣ እያንዳንዱ እንደ ጠባዩና በልክ ይሰጠዋል፤ የተረፈ ምግብ በስብሶ ውሃውን ያበላሻልና።

አራተኛው መጠበቅ ነው። ጠባቂው የውሃውን ሙቀትና ጨው በየዕለቱ ይለካል፤ አዲስ የመጣውን ዓሣ በሽታ እንዳያጋባ ለብቻው አቆይቶ ይመረምራል፤ ውሃውንም በየጊዜው ከፍሎ ይለውጣል። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ፣ ጄኔሬተሩም ባይነሣ፣ ያ ሁሉ ውበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አደጋ ላይ ይወድቃል።

እስቲ አብረን እንድገም፤ ማስተንፈስ፣ ማጥራት፣ መመገብ፣ መጠበቅ። መልካም።

(አጭር ዜማ፤ ከዚያም የሐይቅ ማዕበልና የወፎች ድምፅ።)

አሁን ከዱባይና ከአትላንታ ተነሥተን ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ እንመለስ። «እኛ እኮ አኳሪየም የለንም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ የዱባዩን ያህል መስተዋት ያለው የለንም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሐዋሳ የሚለው ስም በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ የውሃ አካል ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ከተማይቱ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ውሃው ከእርሷ በፊት በስፍራው ነበር። ይህ ውሃ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በጣም በጠለቀበት ስፍራም 22 ሜትር ያህል ይጠልቃል። የዱባዩን ገንዳ አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ብትገለብጡ ነው እርሱን የምትሞሉት።

ቅርጹንም አስቡት። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ምድሪቱ ወደ ውስጥ በሰመጠችበት ጎድጓዳ ስፍራ ተቀምጧል፤ በዙሪያው ተራሮችና ኮረብታዎች እንደ ገንዳ ከንፈር ቆመዋል። ዓመቱን ሙሉ ወደ እርሱ የሚገባው ዋና ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። የሚወጣው ወንዝስ? በዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ እየታየ የሚወጣ ወንዝ የትኛው ነው?

(አጭር ዕረፍት።)

አንድም የለም። ውሃው በፀሐይ ተንኖ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከፊሉም በምድር ውስጥ ይሰርጋል። እንደ እርሱ መውጫ የሌላቸው ጎረቤቶቹ ሻላና አቢጃታ ጨውና ሶዳ ሲሆኑ፣ የእኛው ሐይቅ ጣፋጭ ውሃ ሆኖ የቀረው በዚህ ስርገት ምክንያት ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። እንግዲህ ሐይቃችን ግድግዳው መስተዋት ሳይሆን ተራራ የሆነ አኳሪየም ነው። አራቱን ሥራዎች ማን ይሠራለታል? በየተራ እንያቸው።

የሚያስተነፍሰው ነፋስ ነው። ከቀትር በኋላ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ የተመላለሰ ሁሉ፣ ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውሃ በነፋስ ሲታወክና ነጭ አረፋ ሲያወጣ አይቷል። ያ ማዕበል ለጀልባ ቀዛፊው ችግር ሊሆን ይችላል፤ ለዓሣው ግን እስትንፋስ ነው። ቀን ቀን ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ የሚያስመስሉት ጥቃቅን ዕፀዋት፣ አልጌዎቹ፣ የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ኦክስጅን ይሰጣሉ።

የሚያጠራው ቄጠማው፣ ሸምበቆውና ረግረጉ ነው። ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ጭቃውን ተሸክሞ ሲመጣ፣ ቄጠማው ፍጥነቱን ያበርደዋል፤ ጭቃው ይዘቅጣል፤ በሥሩ ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎችም እንደ አኳሪየሙ አሸዋ መርዙን ይለውጣሉ። የሚመግበው ያው አልጌ ነው፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እርሱን ይበላል፤ አምባዛ የሚባለው ደግሞ ትናንሽ ዓሦችንና ነፍሳትን ያድናል፤ አሞራውና ሰው ከሁለቱም ይካፈላሉ። የሚጠብቀውስ? አራተኛውን ጥያቄ ለጊዜው በእጃችሁ ያዙልኝ።

(የወፎች ድምፅ፤ አጭር ዕረፍት።)

አስቀድመን የልጁን ጥያቄ እንመልስ። በሐይቃችን የሚኖሩት የዓሣ ዓይነቶች ስድስት ናቸው ይባላል፤ ሁላችን የምናውቃቸው ግን ሦስቱን ነው። እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና አንዳንዶች ቢልጫ የሚሉት አጥንተ ብዙው ነጭ ዓሣ ናቸው።

ቆሮሶ ምን ታደርጋለች? ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ በአሸዋው ላይ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቲቱ በዚያ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወዲያውም አንድ በአንድ ለቅማ በአፏ ውስጥ ትይዛቸዋለች። በአፏ ይፈለፈላሉ፤ በአፏ ያድጋሉ፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ እርሷ ከመብላት ትጾማለች። ከወጡም በኋላ ጠላት ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ እነርሱም እንደ ጫጩት ወደ ክንፍ ሥር ሮጠው ይገባሉ። አንዲት እናት ቆሮሶ በዚያ ሰሞን በመረብ ብትያዝ፣ የተያዘችው አንድ ብቻ እንዳልሆነች አስተውሉ።

አምባዛስ? ቅርፊት የለውም፤ በብሉይ ሥርዓትም ቅርፊትና ክንፍ የሌለው ዓሣ አይበላም ስለ ተባለ የማይቀምሱት ሰዎች አሉ። በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም አለው፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ዓይኑ ሲሳነው በጢሙ ይዳስሳል። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ሌላ ብልት ስላለው፣ ከውሃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በአሞራ ገደል ሌላው ዓሣ ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ አምባዛው ብቻ ሲንፈራገጥ ያያችሁት ስለዚህ ነው።

በሊቃውንቶቻችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት፣ በባሕር የሚኖሩ ፍጡራንና በሰማይ የሚበርሩ አዕዋፍ በአንድ ዕለት፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከውሃ ተፈጠሩ ይባላል። አባ ኮዳ በአሞራ ገደል ዓሣውን ሲጠባበቅ ባየሁት ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል፤ በላተኛውና ተበዪው የአንድ ልደት ቀን ወንድማማቾች ናቸው፤ ያው ውሃ ቢታመም ሁለቱም ይታመማሉ።

(አጭር ዜማ።)

ከሐዋሳ ወጣ ብንል ደግሞ ሀገራችን ብዙ ገንዳ አላት። በጣና፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተራብተው የተለያየ መልክና አፍ ያበጁ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከደርዘን በላይ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀይ ባሕርን ዳርቻና ጎንደርን ጎብኝቶ የጣናን ዓሦች ለዓለም ካሳወቁት አንዱ ነበረ። በጫሞና በዓባያ ትልቁ የናይል ፐርች አለ። በጋምቤላ በባሮ ውሃ ደግሞ እንደ እንስሳ ሳንባ ያለው ዓሣ ይገኛል። በምጽዋ ያገለገሉ የባሕር ኃይል አባቶቻችን በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያዩትን የኮራል ገነትም ከአንደበታቸው ሰምተናል። ዛሬ ወደብ የለንም፤ የባሕር ነገር ግን ከልባችን አልወጣም።

(የውሃ ድምፅ፤ ዝግ ያለ።)

አሁን በእጃችሁ ያስያዝኳችሁን አራተኛውን ጥያቄ መልሱልኝ። የሐይቃችን ጠባቂ ማን ነው?

በዱባይ ጠባቂው ውሃውን ይለውጣል። የሐዋሳን ውሃ የሚለውጥ ማን ነው? የሚታይ መውጫ የሌለው ገንዳ መሆኑን ቅድም ተናግረናል፤ ደግሜ እላለሁ፣ የሚታይ መውጫ የለውም። በቦይ የገባ ዘይት፣ በነፋስ የገባ ፌስታል፣ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከተራቆተ ኮረብታ የወረደ አፈር፣ አብዛኛው ከገባ በኋላ በዚያው ይቀመጣል። በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ቀድሞ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ የነበረበት ስፍራ ደለል ሞልቶት ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። እርሱ የታላቁ ሐይቅ ማጥሪያ ነበረ። ማጥሪያው ከተደፈነ ጭቃው ወዴት ይሄዳል? መልሱን ታውቁታላችሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ነገር ግን ዓይነ ጠባብ መረብ በሌሊት ሲጣል አዋጁ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ አይከተልም፤ የሚከተለው የዓሣ አስጋሪው የራሱ ኅሊና ነው። ልጅነቱን ያልጨረሰ ቆሮሶ የሚይዝ መረብ የመጪውን ዓመት እንጀራ ዛሬ ይበላል። ያን ትንሽ ዓሣ የምንገዛ እኛም ከመረቡ ጋር ገመዱን የምንጎትት ነን።

በጳጉሜን 3 የሚከበረውን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል ታሪክ ታስታውሳላችሁ? በደሴት ላይ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ምእመናንም በደስታ ይጸልዩበት ጀመር፤ አንድ ቀን ግን ምድሪቱ ተናወጠች፤ ለካስ ደሴት መስሎ የታያቸው የታላቅ ዓሣ አንበሪ ጀርባ ኖሯል። መልአኩ ዓሣ አንበሪውን ገሥጾ ጸጥ አሰኘው ይላል ትውፊቱ። ሐዋሳን ሳስብ ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። በሐምሌና በታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ የሚመጣው ሕዝብ፣ የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጨምበላላን በጉዱማሌ የሚያከብረው ሕዝብ፣ በፍቅር ሐይቅ የሚመላለሱት ሙሽሮች፣ ሁላችን የቆምነው በሚተነፍስ ነገር ጀርባ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ውሃው ከፍ ብሎ ወደ ከተማይቱ ሲገፋ አፈር ተቆልሎ ግድብ ተሠርቶበታል፤ ዛሬ በማታ ነፋስ የምንንሸራሸርበት ያው ግድብ ነው። ዓሣ አንበሪው መነቃነቅ እንደሚችል የነገረን ያን ጊዜ ነበር።

(አጭር ዕረፍት።)

እንግዲህ የዛሬውን ትምህርት እንጠቅልል። ዓሣ ማሳያ ቤት በአራት ሥራ ይኖራል አልን። ምን ምን ነበሩ? ማስተንፈስ፤ ማጥራት፤ መመገብ፤ መጠበቅ። በሐይቃችን የመጀመሪያውን ነፋስ፣ ሁለተኛውን ቄጠማ፣ ሦስተኛውን አልጌ ያለ ደመወዝ ይሠሩታል። ለእኛ የተተወልን አራተኛው ብቻ ነው።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ከወላጆቻችሁ ወይም ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከቦይ የሚወርድ ውሃ በሁለት የጠራ ጠርሙስ ቅዱ። አንዱን እንዳለ አስቀምጡት። ሁለተኛውን ግን ታቹ በተበሳ ጣሳ ውስጥ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይም ጥቅጥቅ ያለ ሣር ጨምራችሁ፣ በዚያ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱትና የሚወርደውን መልሳችሁ ያዙት። ሁለቱን በመስኮት ዳር አቁማችሁ በማግስቱ ተመልከቱ፤ ቄጠማው ለሐይቁ ምን እንደሚያደርግለት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ውሃው አይጠጣም፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ከሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ በእግር መግባት ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊያስይዝ ስለሚችል አትግቡ።

ለወላጆች ያለኝ የቤት ሥራ ከዚህም ይቀላል። በአንድ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውሃው ጠራ ባለበት የጀልባ መሳፈሪያ ላይ ቁሙ። ጥላችሁ በውሃው ላይ አይውደቅ፤ አትናገሩ፤ አትንቀሳቀሱ። ትንሽ ቆይታችሁ ከእንጨቱ ሥር የጣት ርዝመት ያላቸው ዓሦች ወደ ብርሃኑ ብቅ ሲሉ ታያላችሁ። ያን ጊዜ ልጁ፣ «ከዋኙ በኋላስ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ እናቲቱ በአፏ ውስጥ እንደ ያዘቻቸው፣ ስለ እነርሱ እንደ ጾመች ንገሩት። ከዚያ በኋላ በእጁ ያለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ የት እንደሚጥል ራሱ ይጠይቃችኋል።

ጠርሙስ ውስጥ ያያችሁትን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚመጣው ሳምንት እናነበዋለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ዜማ፤ ከሐይቁ ማዕበል ድምፅ ጋር ተዋሕዶ ቀስ ብሎ ይጠፋል።)